የቢቸናዋ ሙሾ አውራጅና የመሥሪያ ቤታችን ኦርጋን

ሞጣ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዬ መጀመሪያ ያሳየኝ ኦርጋኑን ሳይሆን ኦርጋኑ የተጠቀለለበትን ብርድ ልብስ ነው። "ይህ ብርድ ልብስ የእንግዳ ማረፊያው ንብረት ነው፤ አደራ" አለኝ። ኦርጋኑ ከሥሩ ነበር። ገልጬ አቧራውን በእጄ ጠረግኩና የት እንደምሰካው ጠየቅኩ።

"መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው" አለኝ።

"ታዲያ አሁን በምን እሞክረዋለሁ?"

"ዝም ብለህ ነካ ነካ አድርገው። ጣትህን እንየው።"

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ተሰብስበው ቆመዋል። ምን ላድርግ? ተቀመጥኩና ለመመረቂያዬ የደረስኩትን ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማይናገር ኦርጋን ላይ ተጫወትኩት። የሚሰማው የቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ ነበር። ስጨርስ ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ "ደኅና ነው፤ ጣቱ ይሮጣል" አለ። ሰዎቹም አጨበጨቡ።

የመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ኦርጋን ተምሬያለሁ። መምህሬ "አንተ ብቻህን ተቀምጠህ ሕዝብ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥህ ሰው ነህ" ብሎኝ ነበር። ይህችን ቃል ይዤ ነው የዓባይን ድልድይ የተሻገርኩት። የተመደብኩት ግን በጀማሪ የሙዚቃ ባለሙያነት፣ ባህል ጽሕፈት ቤት፣ ኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ብቻውን ተቀምጦ የሚደመጥ ሰው የሚባል የሥራ መደብ አልነበረም።

የሥራውን ጠባይ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የኪነት ቡድን ኦርጋን ተጫዋች ከሌሎቹ ቀድሞ ሄዶ ከሌሎቹ በኋላ ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ ስታብላይዘሩን ሰክተህ መርፌው እስኪረጋ ትጠብቃለህ። ከዚያ ኦርጋኑን ታበራለህ፤ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ነው። ሲዘጋ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ይቀድማል። ይህን ያገላበጠ ሰው ስፒከሩን ያበላሻል። በጄኔሬተር ስትሠራ አንድ ዓይንህ ቁልፎቹ ላይ፣ አንድ ዓይንህ ጄኔሬተሩን የያዘው ሰውዬ ላይ ነው። ሰውዬው ነዳጅ ሲያልቅበት አይነግርህም፤ ዝም ብሎ ጠላ ቤት ይገባል።

ከመሰንቆ ተጫዋቻችን ጋርም ጣጣ ነበረብኝ። "ያንተ ዕቃ ድንጋይ ነው፤ ጎንበስ አይልም። ሁልጊዜ የምጎነበሰው እኔ ነኝ" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ኦርጋን ሲሠራ የጎጃምን ጆሮ ጠይቆ አልተሠራም። ከጀርባው ያለችውን የድምፅ ማስተካከያ በካቻቢቴ እያዞርኩ ወደ መሰንቆው አስጠጋው ነበር፤ ግማሽ መንገድ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ቀሪውን ግማሽ መሰንቆው እያጉረመረመ ይመጣል።

የራሴን ኮንሰርት ለማቅረብ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንድ ጊዜ ተፈቀደልኝና አዳራሹ ተያዘ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በዋዜማው አስቸኳይ ስብሰባ ገባ። "ይተላለፍ" ተባለ። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ጠፋ። በሚቀጥለው ደግሞ ኃላፊ ተቀየረ፤ አዲሱን ኃላፊ እንደገና ከሀ ጀምሬ አስረዳሁት።

"ብቻህን? ዘፋኝ የለም?" አለኝ።

"የለም።"

"ተወዛዋዥስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ሰው ምን ያያል?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ።

መንግሥት ተለወጠ፣ መፈክር ተለወጠ፣ የቡድናችንም ስም ተለወጠ። እኔና ኦርጋኑ ግን ያው ነን። ለመንገድ ምረቃ፣ ለትምህርት ቤት መዝጊያ፣ ለኳስ ዋንጫ፣ ለሠራተኛ ሠርግ ተጫወትን። ተናጋሪው ከመድረክ ሲወርድ ትንሽ ነገር፣ ሌላው ተናጋሪ ሲወጣ ሌላ ትንሽ ነገር። ጭብጨባው ለተናጋሪው ነው። አለቆቼ "ማድመቂያ" ይሉናል፤ "ማድመቂያው ቀድሞ ይሂድ"፣ "ማድመቂያው ምሳ በልቷል?" እያሉ። መጀመሪያ ላይ ቆሽቴ ያር ነበር። በኋላ "ማድመቂያ" ብለው ሲጠሩኝ "አቤት" ማለት ጀመርኩ።

ዜማ መሰብሰብ የጀመርኩት ከመከፋቴ የተነሳ ነው እንጂ ማንም አዝዞኝ አይደለም። ለመድረክ ሥራ ገጠር ስንወጣ ከመሰልቸት ብዬ ቴፕ ይዤ ወደ ሰው ቤት መሄድ ጀመርኩ። የእርሻ፣ የአጨዳ፣ የወፍጮ፣ የሠርግ ዜማ ቀዳሁ። ሞጣ ውስጥም የመንዙማ አዋቂዎች እየፈቀዱልኝ አጠገባቸው ተቀምጬ ቀዳሁ። ሁሉንም ወደ ኖታ ገለበጥኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ይህን አይቶ ከፍተኛ የባህል ጥናት ባለሙያ አደረገኝ። መድረኩ ግን አልቀረልኝም፤ ኦርጋን የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበር ሁለቱንም እሠራ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አመለጠኝ። አንድ ቀን ከመስክ ስንመለስ ቢቸና አጠገብ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። ጎማው እስኪቀየር መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ ከአንድ የለቅሶ ድንኳን የሴት ድምፅ ሰማሁ። ሙሾ ነው። በአምባሰል ይሄድ ይሄድና የሟቹ ስም ሲጠራ ዜማው ወደ ሌላ ቅኝት ይታጠፋል። ወዴት እንደሚታጠፍ ግን አልያዝኩትም፤ ልክ እዚያ ላይ ድንኳኑ በሙሉ ጮኸ። እንደዚህ ያለ ነገር በተማርኩት ትምህርትም ሆነ በዞርኩበት አገር ገጥሞኝ አያውቅም። ነገር አድራቂ ብባልም ልባል እንጂ፣ ያች መታጠፊያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

አውራጇ ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ። ሰው ሁሉ እትዬ አንጓች ይላቸዋል። ሙያውን ከአክስታቸው ነው የወረሱት፤ አክስትየዋ ሞተዋል። ይህን ሁሉ ያጣራሁት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው፣ ጥናቴን አጠቃልዬ ሙሾው ብቻ ሲጎድለኝ። አንድ ጋቢ ገዛሁና በሚኒባስ በጉንደ ወይን በኩል ቢቸና ወረድኩ። ወገቤ ተቆርጦ ነው የደረስኩት።

እትዬ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ጋቢውን ተቀብለው መረቁኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ሙሾዎን ልቀዳ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

"ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተም። እንዲያው ለጥናት ነው።"

ምራታቸው ከጓዳ ብቅ ብላ አማተበች። "በስመ አብ! ቤት ውስጥ ልጆች አሉ እኮ!" አለች።

እትዬ አንጓች ሰፌዱን አስቀመጡ። "ሰምተሃታል። ሰው ሳይሞት ሙሾ ከወረደ ሞት የተጠራ መስሎት ይመጣል። ማንን ላስወስድልህ? ና ከዚህ ቤት አንዱን ምረጥ።"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም። ግጥሙ ይቅር፣ ዜማውን ብቻ በቀስታ..."

"ያለ ስምማ የባሰ ነው! ስም ካልተጠራለት ያገኘውን ነው የሚወስድ።"

ስንት ዓመት ዜማ የሰበሰብኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። የአጨዳ ዘፈን ያለ አጨዳ ይዘፈናል፣ የሠርግም ያለ ሠርግ ይዘፈናል፤ ሙሾንም እንደዚያ ቆጠርኩት። ልነሳ ስል ሌላውን መርዶ ነገሩኝ።

"ደግሞም ጊዜ የለኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ቆብ እጭናለሁ። የነፍስ አባቴ ሙሾውን ተይው ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ አፌ ለጸሎት ነው።"

"ሌላ የሚያውቅ ሰውስ? ያስተማሩት ሰው የለም?"

"ማን ይማራል? የዛሬ ልጆች ለቅሶ ሲመጡ ስልካቸውን ነው የሚያዩ። እኔ ስተወው ያበቃል፤ ያብቃ እንግዲህ" አሉ። ያዘኑም አይመስሉም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ። ሰው እስኪሞት የምጠብቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ብሩክ የሚባል ከሌላ ክልል የመጣ ወጣት ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው።

"ጋሽ ታደለ፣ የዚህ ሩብ ዓመት ዕቅድዎ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ቢቸና አካባቢ ሰው እስኪሞት መጠበቅ።"

"ኧረ ጋሼ! ይህን እንዴት አድርጌ ለዞን ልላከው?"

"'ሁኔታዎችን በቅርበት መከታተል' በለው።"

ሳቀ። ልክ እንዳልኩት ላከው፤ ዞንም ተቀበለው።

ቢቸና የሚኖር አንድ የማውቀው አስተማሪ ለቅሶ ሲኖር እንዲደውልልኝ ለምኜው ነበር። ስልኬ ሲጮህና የሱን ስም ሳይ ልቤ ደስ ይለው ነበር፣ ከዚያ "ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ" እላለሁ። ብዙ ጊዜ የሚደውለው ለሰላምታ ነው። አንድ ማለዳ ግን "አንድ የታወቁ ገበሬ አርፈዋል፤ እትዬ አንጓች ተጠርተዋል" አለኝ። መቅረጸ ድምፄን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ የሟቹ ልጅ በእጄ የያዝኩትን አየ። ትከሻዬን ያዝ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ አባቴን ልቅበር። ስለ ባህሉ በኋላ እናወራለን" አለኝ። እግዜር ያጥናህ አልኩና መሣሪያዬን ኪሴ ከተትኩ።

ወንዶቹ ጋ ቆሜ በጆሮዬ ለመያዝ ሞከርኩ። አንዴ የሰማሁትን ዜማ ወዲያው መጻፍ የምችል ሰው ነኝ፤ ከዚህ ሥራ ያተረፍኩት አንድ እሱ ነው። እትዬ አንጓች ጀመሩ። መነሻውን ያዝኩ፣ መሐሉን ያዝኩ። የሰውየው ስም ተጠራ። ሴቱም ወንዱም ጮኸ፣ ደረት ተመታ፣ መታጠፊያዋ ከለቅሶው ሥር ገባች። ጩኸቱ ጋብ ሲል ዜማው ወደ መነሻው ተመልሷል። ሌላ ግጥም ሲወርድም እንደዚያው ሆነ። ሞጣ የተመለስኩት ባዶ እጄን ነው፣ ያውም አቧራ ጠጥቼ።

በዚያው ሰሞን ኦርጋኑ ተቃጠለ። የትምህርት ቤት መዝጊያ ዝግጅት ነበር። መብራት ሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል መጣ፣ ስታብላይዘሩን አልፎ ገባ። የጎማ ሽታ ሸተተኝና ገመዱን ነቀልኩ። ተሸክሜ ወደ ሰይድ ወሰድኩት።

ሰይድ ሞጣ ገበያ ውስጥ ሬድዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ የሞጣ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ንግዱን ትቶ ወደ ካውያ የዞረው እሱ ብቻ ነው። ኦርጋኑን ስንት ጊዜ ከሞት አስነስቶታል! ከቁልፎቹ ሥር ያሉትን ጎማዎች በስፒሪትና በጥጥ እየጠረገ፣ ከአሮጌ ሬድዮ ዕቃ እየፈታ እያስገባ። "ሽማግሌው" ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው፤ ቡድኑ በሙሉ "ሽማግሌው" እያለ ይጠራው ነበር።

ክዳኑን ከፈተ። ሽታውን ሳበ። ቦርዱን አውጥቶ ወደ ብርሃን አደረገና ጥቁር የሆነውን አሳየኝ።

"ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው።

"ቀልድ ተው፣ ሰይድ። ምን ያስፈልገዋል?"

"መቅበር ነው የሚያስፈልገው። እውነቴን ነው ጋሼ፣ ይህስ አልቋል። ሞቷል።"

ተከራከርኩት። ባሕር ዳር እንላከው አልኩ፣ አዲስ አበባ እንላከው አልኩ። "ገንዘብዎን አያቃጥሉ፣ ሞቷል እኮ ነው የምልዎት" ሲለኝ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሞቷል። በማግሥቱ ቢቸና ነበርኩ።

"ደግሞ መጣህ?" አሉ እትዬ አንጓች።

"አሁን የሞተ አለ።"

"ማነው?"

"ዕቃ ነው። ኦርጋን ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ የሠራ ነው።"

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። "ለበሬ አልቅሻለሁ። ለተቃጠለ ቤትም አልቅሻለሁ። በእርግጥ ሞቷል? የሚድን ከሆነ ሟርት ነው።"

"ጠጋኙ አይድንም ብሏል።"

"ጠጋኙን ተወው። አንተ ሞቷል ትላለህ?"

አንድ ቦታ ሌላ ጠጋኝ ይገኛል፣ አንድ ቀን መለዋወጫው ይመጣል እያልኩ ነበር ለካ። "ሞቷል" አልኩ። በአፌ ስለው ደከመኝ።

ኦርጋኑን ላመጣላቸው አስቤ ነበር። "አስከሬን ወደ አልቃሽ አይሄድም፤ እኔ ነኝ የምመጣ" አሉ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጥተው ሊያወርዱልኝ ተስማማን። ምራታቸው ይዛቸው መጣች።

ኦርጋኑን የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በጠረጴዛ ላይ አድርጌ ነጭ ጨርቅ አለበስኩት። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ብሩክና ሠራተኞቹ ወሬ ሰምተው ገቡ፤ ገሚሱ አፉን ይዞ ይስቃል። እኔ መቅረጸ ድምፄን በማቆሚያ ላይ ተከልኩ፣ ማይኩን ወደ እትዬ አንጓች አዞርኩ፣ ሙከራ አድርጌ በማዳመጫ ሰማሁ። ድምፁ ጥርት ብሏል። አዳራሹ ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው የለም። በዚህ ዓይነት መታጠፊያዋ እንደማታመልጠኝ እርግጠኛ ሆንኩ።

"ባለሐዘኑ ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እዚያ ገመድ ለገመድ ምን ያንፏቅቅሃል? ና እዚህ ተቀመጥ። ነጠላህን አዘቅዝቅ።"

የምራታቸውን ነጠላ ተውሼ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እትዬ አንጓች ለሟች ከማልቀሳቸው በፊት ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፤ ግጥሙ የሚመጣላቸው ከዚያ ነው። እኔንም ጠየቁኝ። ስሙ ማነው? ሽማግሌው። አገሩ የት ነው? ባሕር ማዶ። ምን ሲሠራ ኖረ? ነገርኳቸው፦ ሠርጉን፣ ምረቃውን፣ ስብሰባውን።

"ምን ሳይሆንለት ቀረ?" አሉ።

"እ?"

"ሟች ሁሉ ሳይሆንለት የቀረ ነገር አለው። እሱ ምን ሳይሆንለት ቀረ?"

"ብቻውን ተሰምቶ አያውቅም" አልኩ። "ሰው ዝም ብሎ አዳምጦት አያውቅም። ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ማድመቂያ ነበር።"

"በቃ፣ ይበቃኛል" አሉና ተነሥተው ቆሙ። በመዳፋቸው ደረታቸውን ቀስ አድርገው መታ መታ እያደረጉ ጀመሩ።

ባሕር ተሻግረህ መጥተህ ሞጣ የከረምኸው፣
ስንቱን ሙሽራ አጅበህ ስንቱን ያስጨፈርኸው፣
ምነው ዛሬስ ጌታህን ብቻውን የተውኸው?

አንድ ሁለት ሠራተኞች ሳቁ። እኔ በልቤ ኖታውን እየጻፍኩ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ የማውቀው መንገድ ነው። እትዬ አንጓች ወደ እኔ ዞረው ቀጠሉ።

የሰውን ዜማ አዝሎ አገር ሲዞር ኖሮ፣
የራሱን ሳያሰማ ቀረ ተቀብሮ፣
ሽማግሌው ወዮ!

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አላውቀውም። ከደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። እናቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። መምህሬን፣ የተደረደሩትን ወንበሮች፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያሰብኩ ነው መሰለኝ፤ እንጃ። ሰይድ መጥቶ በአንድ እጁ ትከሻዬን ሲይዘኝና "አይዞዎት፣ አይዞዎት" ሲለኝ ትዝ ይለኛል። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ብሩክ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

እትዬ አንጓች ጨርሰው ሲቀመጡ ፊቴን ጠርጌ ወደ መሣሪያዬ ሄድኩና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። መነሻው ጥርት ብሎ ተቀድቷል። "ሽማግሌው ወዮ" ተባለ። ከዚያ የሚሰማው የአንድ ትልቅ ሰው ጩኸት ነው። ጩኸቱ ሲያበቃ ዜማው ወደ መነሻው ተመልሷል።

"እትዬ፣ ያችን ቦታ ብቻ አንዴ ይድገሙልኝ" ብዬ ለመንኳቸው።

"ሁለት ጊዜ የሚሞት አለ እንዴ?" አሉ። ግን ፊታቸው ራራ። "አለቀስክ አይደል? እኔ የመጣሁ ለዚያ ነው" አሉና ምራታቸውን ተደግፈው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ፍልሰታ ሲፈታ ቆብ ጫኑ። ዛሬ እማሆይ ናቸው። ሄጄ ስጠይቃቸው ስለ ጤናዬና ስለ ጡረታዬ ያጫውቱኛል፤ ስለ ሙሾ አያነሡም፣ እኔም አላነሣም። ቅጂውን አንድ የድምፅ ባለሙያ እንዲያጸዳልኝ አዲስ አበባ ላክሁት። "ለቅሶውን ካወጣሁት ከሥሩ ምንም አይቀርም፤ አንድ ላይ ነው ያሉት" ብሎ መለሰልኝ።

ጥናቱን አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። የቢቸና ሙሾ ምዕራፍ ላይ ከኖታው መሐል ባዶ መስመር አለ። አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች እየደወሉ እዚያ ቦታ ምን እንደነበር ይጠይቁኛል። ከመስመሩ ሥር ጽፌዋለሁ፦ "እዚህ ላይ ዜማው አይሰማም፤ ሰው እያለቀሰ ነው።" የኛ ሥራ የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ነው።